ማሳ

ጠባሴ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ የቆርቆሮ ሱቅ አለችኝ፣
በቴፕ ጥገና የጀመርኩባት፣ ዛሬ በስልክ የምታበላኝ።
ውርጩ ገና ሳይነሳ፣ ጣት ከብረት ሲጣበቅ፣
ሶስና ገባች፣ በሹራቧ ሥር አንድ ካርቶን ስትደብቅ።
የወንድሜ የደምሰው ልጅ፤
አራት ዓመት ደጄን ያልረገጠ፣ ስሜን እንኳ የማይጠራ፤
«ጋሼ፣ መላ ይበሉኝ» አለች፣ «አባዬ እንዳይሰማ አደራ።»

ካርቶኑን ፈታሁት፤ ሁለት ቢጫ ሞተር፣ ሁለት ጎማ፣ ከፊት አንዲት የብረት ኳስ፣
የባትሪ ቤት፣ ባንዴ አራት ድንጋይ የሚጎርስ፣
መሐል ላይ መዳፍ የማትሞላ፣ አንጎል የሚሏት ቦርድ፣
ሽቦው ግን ቀዩም ጥቁሩም፣ ጥጃ እንዳወሳሰበው ገመድ።

ሕመሟ ይኼ ነው፦ ስትበራ ዓይኗ ቦግ ይላል፣
«ሂጂ» ስትባል፣ ጎማው ሊነሳ ሲል፣ አንጎሏ ራሱን ይስታል።
ትጠፋለች፣ ትነቃለች፣ ደግማ ትጠፋለች፣ አንዲት የጣት ጫፍ ሳታልፍ።
የማውቀው በሽታ ነው።
ደሞዙን አረቄ ቤት ጨርሶ እንደሚገባ ሰው፣
ጉልበት አስቀድሞ ከጠጣው፣ አንጎል ቤት ምን ሊደርሰው?

«ለየብቻ ይብሉ» አልኩ።
ከሞተ ላፕቶፕ ሆድ ያወጣኋቸውን ሁለት ድንጋይ ለካሁ በቴስተር፤
ሦስት ነጥብ ዘጠኝ፣ ሦስት ነጥብ ስምንት፤ ጡረተኞቹ ገና አልወጡም ከቁም ነገር።
ለሞተሩ እነሱን ደለደልኩ፣ የድሮዎቹን ለአንጎሏ፤
ካውያው ጋለ፣ ስታኞው ቀለጠ፤ ሶስና ልትሞቅ ጣቷን ዘረጋች፣
ትናንት ቀይ ከጥቁር ስታነካካ የፈጃትን፣ ከነቁስሏ።

አበራን። አንጎል አልሳተም።
ጎማው ግን ደርቆ ቀረ፣ አልፎ አልፎ የሚንዘፈዘፍ፣ እንደ ባለ ወባ ገላ፤
ጥጋብ በሁለቱም ቤት አለ፤ የጠፋው የመሐሉ መላ።
ሠላሳ ዓመት ሽቦ የዳበስኩ ሰውዬ፣ መንገዱ ጠፋኝ፤
ሶስና ናት ቁስል ጣቷን ሥዕሉ ላይ አኑራ ያሳረፈችኝ፤
«ጋሼ፣ ማሳው አልተገናኘም።»

ኔጌቲቩን ማሳ እንለዋለን፣ ከጣልያን መካኒክ የወረስነው፤
ኮረንቲ ሁሉ ሥራውን ጨርሶ የሚመለስበት ሜዳ ነው።
ባትሪው ሁለት ይሁን፣ ሦስት ይሁን፣ ቀዩ ለየቅል ይሁን፣
ጥቁሩን፣ ማሳውን ካልተጋሩ፣ አንዱ ላንዱ አያደርስም ቃሉን።
ይኼን እኔ ነበርኩ ላስተምራት የሚገባኝ።

«ማሳውን አንድ ያድርጉታ፣ ጋሼ።»

ካውያው በእጄ ቆመ።
አንጎለላ፣ ከወንዙ ወዲህ፣ የአባታችን የገብስ ማሳ፣
እኔ ስንዝር ገፋህ ያልኩት፣ እሱ ክንድ ወሰድክ ያለኝ፣
የወሰኑ ድንጋይ ከዚያ ወዲህ ሦስቴ የተነሳ፤
የአራት ዓመት ቀጠሮ፣ የጠበቃ፣ የማኅተም፣ የፎቶ ኮፒ ብር፣
ሁለት ቤት፣ ሁለት ጥጋብ፣ መሐሉ ሣር የበላው ድንበር።

እሷ የምትለው ሽቦ ነው። ሌላ ምንም አታውቅም።
ወይም ታውቃለች። የደምሰው ልጅ ናት፤ በዋዛ አትናገርም።

አንዲት ጥቁር ሽቦ ቆረጥኩ፣ ስንዝር የማትሞላ፣
ከዚህኛው ጥቁር ወደዚያኛው ጥቁር፤ በቃ፣ ሥራው ያ ነው፣ የለም ሌላ።

ሄደች! በመጀመሪያ የኋሊት፣ የሞተሩን ሽቦ አዙሬ ስለነበር፤
ሶስና ሳቀች፣ ቀያየርን፤ ሄደች ደግሞ ወደ በር።
በሩ ላይ ጥላ ቆሟል፤ ውጭ ባጃጅ ይንተከተካል ሳይጠፋ፤
ደምሰው፤ ልጁን ፍለጋ የወጣ፣ እስከ አፍንጫው የተከናነበ፣ ፊቱ የከፋ።
ሮቦቷ ደፉን ልትወጣ ታገለች፣ ጎማዋ ዞረ፣ ዞረ፣
ዓይኗ ደበዘዘ፤ ከጫማው ጫፍ ስንዝር ሲቀራት ድንጋይዋ አለቀ፣ መንገዷ ቀረ።

እሱ አልገባ። እኔ አልወጣሁ።
ጎንበስ ብሎ ግን አነሳት፣ ገልበጥ አድርጎ አየ ሆዷን፤
የብርድ ልብስ ፋብሪካ መካኒክ ነው፤ ብረት ሲያይ እጁ ዝም አይልም።
ያችን ጥቁር ሽቦ በአውራ ጣቱ ገፋ አደረጋት፤
«ይኼ ብየዳ» አለ፣ ለልጁ፣ ለኔ አይደለም፣
«ሙቀት አላገኘም። ይላቀቃል።»

ካውያውን ከመሰኪያው አልነቀልኩም።